የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ ብረት ሲያጣ መርዝ የሚያመርተው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የዘጊ አነዳን (የዲፍቴሪያን) ባክቴሪያ እያጠናሁ ሳለ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። መርዙን የሚያሠራው ጂን የባክቴሪያው የራሱ ሳይሆን ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፋጅ፣ ይዞት የገባ ነው። ሆኖም ጂኑ ሥራ የሚጀምረው ብረት ሲያንስ መሆኑን አነበብሁ። በእንግድነት የገባ ጂን የብረትን መጠን በምን ያውቃል? ብረትንና መርዝንስ ምን አገናኛቸው?

መልስ 1 (መምህር)፦
ጂኑ የፋጁ ቢሆንም ተቆጣጣሪው የባክቴሪያው ነው። በባክቴሪያው ክሮሞሶም ላይ ያለ ጂን ዲቲኤክስአር የተባለ ፕሮቲን ያሠራል። በሴሉ ውስጥ በቂ ብረት ሲኖር ፕሮቲኑ ከብረቱ ጋር ይጣመርና በመርዙ ጂን መነሻ ላይ ባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ተጣብቆ ጂኑ እንዳይነበብ ያግዳል፤ ብረት ሲያንስ ደግሞ ይለቀዋል። ሲደሮፎሮች የተባሉትን፣ ብረትን ከአካባቢው ለቅመው ለባክቴሪያው የሚያመጡ ሞለኪውሎች፣ የሚያሠሩትን ጂኖች የሚቆጣጠረውም ይኸው ፕሮቲን ነው። ብረት ሲትረፈረፍ እነዚህን መዝጋቱ ለባክቴሪያው የሕልውና ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ትርፍ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ዲኤንኤን የሚያበላሹ ንጥረ ነገሮችን ይፈጥራል።

መልስ 2 (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦
በመምህሩ መልስ ላይ የምጨምረው አለኝ። ሰውነታችን ብረቱን በደም ውስጥ ትራንስፈሪን፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ ደግሞ ላክቶፈሪን በተባሉ ፕሮቲኖች አጥብቆ ስለሚይዘው ለባክቴሪያ የሚተርፍ ነፃ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የብረት እጥረት ለባክቴሪያው «ሰው ሰውነት ውስጥ ገብተሃል» የሚል ምልክት ይሆነዋል። መርዙ ሴሎችን የሚገድለው ብረታቸውን ለመዝረፍ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የምልክቱ ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምነኛል። ለዚህም በሌላ የባክቴሪያ ወገን ተመሳሳይ ነገር መታየቱን እጠቅሳለሁ፦ በአንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ሺጋ መርዝ 1 የተባለውን የሚያሠራው ጂንም በፋጅ የመጣ ሲሆን፣ ፈር የተባለ ሌላ ብረት ለኪ ፕሮቲን ይቆጣጠረዋል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪው ፕሮቲን በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ቢበላሽስ ምን ይሆናል?

መልስ 3 (በክትባት ምርት የሠራሁ)፦
እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች በላብራቶሪ ተገኝተዋል፤ ብረት በሞላበት ማሳደጊያ ውስጥ እንኳ መርዙን ያመርታሉ። ጤነኛው ባክቴሪያ ግን ብረት ሲበዛ መርዙን እንደሚቀንስ በ1936 እ.ኤ.አ. ፓፐንሃይመርና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ዲቲኤክስአር ከመታወቁ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው። ክትባቱ የሚዘጋጀው መርዙን ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል አክሞ ጉዳት እንዳያደርስ በማድረግ በመሆኑ፣ በማሳደጊያው ውስጥ ያለውን ብረት መለካት ከቀዳሚዎቹ ጥንቃቄዎች አንዱ ነው። ብረቱ በጣም ካነሰ ባክቴሪያው ራሱ አያድግም፤ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ጋኑ በባክቴሪያ ተሞልቶ ሳለ የሚገኘው መርዝ እጅግ ጥቂት ይሆናል።