የታክሲና የጭነት መኪና ደንብ ሲወጣ ማን ነው መጠየቅ ያለበት?

ባለ ሚኒባስ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አዲስ አበባ ሚኒባስ ነው የምሰራው፣ የሰው መኪና ነው። ሰሞኑን የስምሪት ስብሰባ ተብሎ የተጠራው ባለንብረቱ ነው፣ እሱ መሪ ከያዘ ዓመታት አልፎታል፣ ሄዶ ፈርሞ መጣ፣ እኔ መስመሬ መቀየሩን የሰማሁት ከተራ አስከባሪ ነው። ግን ህግ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ማህበራቱ ብቻ ናቸው እንዴ?

የጅቡቲ መስመር፦ ወንድሜ እኛም ጋ ያው ነው። የሀገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚመጣው፣ ስለ ጭነት ሲወራ ግን የሚጠሩት ባለንብረትና አስመጪ ናቸው። ሹፌር ቢጠየቅ እኮ ሌላ ነገር ነው የሚያነሳው፣ ጋላፊ ድንበር ላይ በዛ ሙቀት ሰልፍ ይዘህ ስታድር ውሃ ከየት ታገኛለህ፣ ደክሞህ አትንዳ ከተባለስ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ከሌለ ተሳቢውን የት አቁሜ ነው የምተኛው? ሚዛን ላይ ትርፍ ጭነት ሲገኝም የሚያዘው ሹፌር ነው፣ የጫነው ግን መጋዘን ቁጭ ብሏል፣ እሱም ይጠራ።

ከጀሞ፦ ተሳፋሪውስ? ማታ ማታ ታክሲው ቆርጦ ይጭናል፣ ታፔላው ጀሞ እያለ መንገድ ላይ ያወርደናል፣ ለአንድ መንገድ ሁለቴ እከፍላለሁ። ውይይት የሚጠሩት በስራ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ማን ይመጣል? ማታ 1 ሰዓት ላይ ሰልፉ ድረስ መጥተው ይጠይቁን። ጎረቤቴ በዊልቸር ነው የሚሄደው፣ ኮንትራት ካልያዘ ከቤት አይወጣም፣ እሱን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ታዛቢ፦ የ2008ቱን የታክሲ አድማ አስታውሱ። ጥፋትን በነጥብ እየቆጠረ መንጃ ፈቃድ የሚያሳግደው ደንብ ሊጀመር ሲል የካቲት ላይ ሹፌሩ ቆመ፣ ህዝቡ በእግሩ ሄደ፣ ከዛ አፈጻጸሙ በሶስት ወር ተራዘመ። ቀድመው ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ እዛ አይደረስም ነበር። ግን ሹፌር ስላልወደደው ብቻ ደንቡ መጥፎ ነው አልልም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው፣ እግረኛ ደግሞ ማህበር የለውም ስብሰባ የሚልክለት። እኔ ብሆን ድንገተኛ ክፍል የሚሰሩ ነርሶችን እጠራ ነበር፣ የተጎዳውን ሰው ተቀብለው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ባለ ሚኒባስ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእግረኛው ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ረዳቶቹንም ረስተናቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ ከህዝብ ጋር የሚነታረኩት እነሱ ናቸው። ነገ ባለንብረቱን የፈረመበትን ወረቀት ፎቶ ላንሳው ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ከሰጠኝ እዚህ እለጥፈዋለሁ።