ኦነርስ ኮርስ ለግራጁዌት ስኩል ይጠቅማል ወይ? እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ

ናይት ሺፍት፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ አሜሪካ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ሐሳቤ ፒኤችዲ ነው። ኦነርስ ፕሮግራም (ለተመረጡ ተማሪዎች የሚሰጥ ከበድ ያለ ትምህርት) ውስጥ ስላለሁ ዘንድሮ ሁለት ኦነርስ ኮርስ ይዣለሁ፣ ማታ ደግሞ አረጋውያን ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ኦነርሱ ላይ ተጨናንቄ ቢ ፕላስ፣ ጓደኛዬ መደበኛውን ወስዳ ኤ። ወደ መደበኛው ልዙር ወይስ ልቆይ?

መምህሩ፦
እህቴ፣ እንደምታመለክቺበት ይለያያል። ሕክምና ቢሆን ኤኤምካስ (የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚቀበለው) ጂፒኤውን፣ ማለትም አማካይ ውጤትሽን፣ ሲያሰላ ኦነርስ ስለሆነ ብሎ የሚጨምርልሽ ነገር የለም፣ ሕግም ብትዪ ኤልሳክ (የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚያስተናግደው) ኤ ፕላስን 4.33 ብሎ ይቆጥራል እንጂ ለኦነርስ ነጥብ የለውም። ፒኤችዲ ግን ማመልከቻሽን የሚያነቡት ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው ናቸው፣ ይቺ ልጅ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ብትገባ ትሠራለች ወይ ነው የሚሉት። አብዛኛው ቦታ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሁለት መቶ ሰው ካለበት ክፍል ኤ ብታመጪ ፕሮፌሰሩ ስምሽን እንኳ አያውቀውም፣ ምን ብሎ ይጽፍልሻል? አሥራ አምስት ሆናችሁ የምትማሩበት ኦነርስ ክፍል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ኦነርስ ቴሲስ (የምርምር መመረቂያ ጽሑፍ) ካለው ደግሞ እሱን እንዳትለቂ፣ ኮርሱን ተይና ቴሲሱን ያዢ።

ወረቀት ጠባቂ፦
ምርምር ምርምር ትላላችሁ፣ እኔ አሳይለም (ጥገኝነት) ከጠየቅኩ ስንት ዓመቴ፣ አርኢዩ የሚባለውን የኤንኤስኤፍ (የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን) የክረምት ምርምር ፎርም ግማሽ ሞልቼ ነው ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ የሚል ሳጥን የመጣብኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። እህቴ ወረቀት ካለሽ ኮርሱን እርሺውና ለሱ አመልክቺ፣ ከፍለውሽ ነው የምትሠሪው።

መምህሩ፦
ወንድሜ እሱ እውነት ነው፣ ግን የራስህ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ላብ ለመግባት ያ ሳጥን የለም፣ በሩን አንኳኳ።

የቤቱ ታላቅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና አምስት ስድስት ዓመት ፒኤችዲ? እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ለአምስት ሰው ነው የምልከው፣ ትምህርቴን ያቆምኩት በዚሁ ነው። ናርሲንግ ጨርሰሽ ሥራ ብትገቢ ቤተሰብሽም ያርፋል አንቺም ታርፊያለሽ።

መምህሩ፦
ሳይንስ ፒኤችዲ እኮ በአብዛኛው ትምህርቱ በነፃ ነው፣ ስታይፔንድም (የመተዳደሪያ ገንዘብ) ይከፍላሉ። ከኪስ የሚያስወጣው ማስተርሱ ነው።

የቤቱ ታላቅ፦
ስታይፔንድ ለቤት ኪራይ ነው ወይስ ለእናት? አንተ ላኪ አይደለህም መሰለኝ።

መምህሩ፦
እንዴት አወቅክ? አባቴን እስኪያርፉ ድረስ ያሳከምኩት ከስታይፔንዴ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሩዝና እንቁላል እየበላሁ። እባክህ ሳታውቅ አትናገር።

ወረቀት ጠባቂ፦
ኧረ ተዉ ልጅቷ ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው።

ናይት ሺፍት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቴሲሴን ፕሮፌሰር ዛሬ ኢሜይል አድርጌላታለሁ፣ ቴሲሱን አልለቅም። ሁለተኛውን ኦነርስ ኮርስ ግን ወደ መደበኛው ብቀይር ትራንስክሪፕቴ ላይ ደብልዩ (ኮርስ አቋርጣለች የሚል ምልክት) ይጽፉብኛል እንዴ? ከሥራ ስወጣ ሬጅስትራር ይዘጋል።

የቤቱ ታላቅ፦
ወንድሜ ነፍሳቸውን ይማር፣ አላወቅኩም። ግን አሁንም እላለሁ፣ ሁሉም ሰው እንዳንተ ሩዝ በልቶ አይችለውም።