የአባዬ ልደት፦ ጃንዋሪ 1 ነው ወይስ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የዘር ሐረግ ስለመሰብሰብ ስትጠያየቁ አይቼ ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ስለሆነ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ቀን ነው።

የአባዬ ወረቀት ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 ተወለደ ይላል። ይህን ቀን እዚህ ያለን ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን። የልደት ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ፎርም ሲሞላለት ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። በእድራችን ውስጥ እንኳ ልደታቸው በዚያ ቀን የሚውል አዛውንቶች ብዙ ናቸው። እኔም የዘር ሐረጉን ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ ወረቀቱን አይቼ እንዳለ ገለበጥኩት። ተሳስቼ ነበር። ነገ ልጄ ያንን ቀን ስታይ እውነት ነው ብላ ትቀበለዋለች። ቀን፣ ወርና ዓመት ተሟልቶ የተጻፈን ነገር ማን መልሶ ይጠይቃል?

ያነቃችኝ ደብረ ብርሃን ያለችው የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ደውዬ ስጠይቃት፣ "ንጉሡ በተመለሱ በዓመቱ፣ ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን" አለችኝ። አንድም ቃል ሳልቀይር ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት።

እስቲ አብረን እንፍታው። ንጉሡ፣ ማለትም አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው። ኅዳር ሚካኤል ሁልጊዜ ኅዳር 12 ነው። "በዓመቱ" የሚለው ግን ሁለት መንገድ አለው። መስከረም ጠብቶ ዓመቱ ስለተለወጠ ከሆነ፣ ኅዳር 1934 ማለት ነው። ድፍን ዓመት ካለፈ በኋላ ከሆነ ደግሞ ኅዳር 1935 ይሆናል። "በሦስተኛው ቀን" የሚለውም እንዲሁ ነው። የሚካኤልን ዕለት አንድ ብላ ከቆጠረች 14፣ ከማግስቱ ከጀመረች 15 ነው።

በእኛ አቆጣጠር እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ይጠራል። መልሼ ደወልኩና "የዓመቱ ወንጌላዊ ማን ነበር?" አልኳት። ቶሎ ብላ "ማርቆስ" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ ያደገች ሴት ናት። የዓመቱን ቁጥር የማያስታውሱ ብዙ አዛውንቶች ወንጌላዊውን ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1934 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1935 ግን 3 ስለሚተርፈው ሉቃስ ነው። ስለዚህ አባዬ የ1934 ልጅ ነው። በፈረንጅ ሲቆጠር ኖቬምበር 23 ወይም 24 ቀን 1941 ላይ ይውላል። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ገደማ አስረጅቶታል ማለት ነው።

ይህን ስነግረው አባዬ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "እናቴ የሚካኤል ስጦታ ትለኝ ነበር" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን እንጠንቀቅ። ወንጌላዊው በየ4 ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚጠቅማችሁ በሁለት ተከታታይ ዓመታት መካከል ስትዋልሉ ነው። አክስቴም ልትሳሳት ትችላለች። ስለዚህ የአባዬን ቀን "የታወቀ" አላልኩትም፤ "የተሰላ" ብዬ ነው የጻፍኩት። ከጎኑ የአክስቴ ቃል አለ፣ የደወልኩበት ቀን አለ፣ የወረቀቱም ጃንዋሪ 1 አለ። ሁሉም ከነምንጩ ተቀምጧል።

ሌሎቹን ሰዎች እንደዚህ ማጥበብ አልቻልኩም። የአያቴ አባት "በክፉ ቀን ተወለዱ" ይባላል። የምኒልክ ዘመኑ ክፉ ቀን፣ ታላቁ ረሀብ ማለት፣ ከሆነ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ድረስ የቆየ ነው። የአጎቴ ልጅ መሐሉን ወስዶ 1882 ብሎ ጻፈው። ይሄ በጣም አናደደኝ። ማንም ያላለው ቁጥር ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ዘመዶች ከዚያ ተነስተው የአያቴን አባት ወንድሞች ዕድሜ ማስላት ጀመሩ። "በ1880 እና በ1884 መካከል" ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው? "ጣሊያን ሲገባ" የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። 1928 ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ስለ ቅድመ አያት የሚወራ ከሆነ የአድዋው ዘመን ሊሆን ይችላል። "የኅዳር በሽታ" የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ ኅዳር 1911 ዓ.ም ነው።

ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩም ዓመት ብቻ ካላችሁ አንድ ቁጥር አይወጣላችሁም። 1920 ዓ.ም ማለት ከሴፕቴምበር 1927 እስከ ሴፕቴምበር 1928 ነው። 7 ወይም 8 ዓመት የምንጨምረው ለዚህ ነው። ደግሞ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ ጻፉበት። ካናዳ ያለችው ዘመዳችን የአባዬን 1934 ያለምልክት አግኝታ፣ የፈረንጅ መስሏት 8 ቀንሳ 1926 አደረገችው።

የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ፋይል የሚለዋወጡበት ጌድኮም የሚባል ደረጃ አለ። "ገደማ"፣ "ከዚህ በፊት"፣ "ከዚህ በኋላ"፣ "በዚህና በዚህ መካከል"፣ "የተሰላ" እና "የተገመተ" ብሎ ቀን ማስገባት ይቻላል። የእኛ አቆጣጠር ግን ከደረጃው የቀን መቁጠሪያዎች ውስጥ የለም። የአይሁድም የፈረንሳይ አብዮትም አለ፣ የእኛ የለም። እኔ የፈረንጁን ቀን አስገባና የአማርኛውን ማስታወሻው ላይ እጽፋለሁ።

ወረቀቱን ስለማስተካከል በግል የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እሱ የጠበቃ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ መዝገባችሁ ትክክለኛውን እንዲይዝ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

መልስ፣ ከነታንያ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። እናቴ በ1983 ዓ.ም ቤተ እስራኤሎችን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጣችው። ስትገባ የጻፉላት ዕድሜ ከታናሽ እህቷ ያሳንሳታል። እሷ ግን "የተወለድኩት በሲግድ ሰሞን ነው" ትላለች። ሲግድ የቤተ እስራኤል በዓል ነው፤ በጨረቃ የሚቆጠር ነውና በየዓመቱ ቀኑ ይለያያል። እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ መጀመሪያ "በሲግድ ሰሞን" ብለሽ ያለችውን እንዳለ ጻፊው። ከዚያ "በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መካከል" በይ። የትኛው ዓመት እንደሆነ እስክታውቂ ቀኑን አታስገቢ። የሁለቱን እህትማማቾች ቅደም ተከተል ግን ዛሬውኑ መዝግቢው። "ከእህቷ በፊት ተወለደች" የሚለው ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ ከመታወቂያው ቁጥር ይልቅ እሱን እመኚው። በመካከላቸው ስንት ክረምት እንዳለፈም ጠይቂያት። የታናሿ ዓመት ከታወቀ የእናትሽ ይከተላል። ስትነግርሽ ደግሞ በስልክሽ ቅጂው።

እኔም ቅዳሜ አክስቴ ጋ እደውላለሁ። አያቴ ያረፉት "ጤፉ አውድማ ላይ እያለ" ነው ብላኛለች፤ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም።