መስከረም 1ን ጳጉሜ 6 የሚያደርግ የኤክሴል ፎርሙላ

ሰላም ለሁላችሁ። የሠራተኞች የቅጥር ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኤክሴል 2016 ላይ ተመዝግቧል፤ የኮምፒውተሩ ሪጅን (የቀን አጻጻፉን የሚወስነው የአገር ምርጫ) አሜሪካ ነው። 13/02/2012 ሲጻፍ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ወደ ግራ ይጠጋል። 03/13/2012፣ ማለትም ጳጉሜ 3፣ ግን ማርች 13 ይሆናል። የሚያናድደው ይኼኛው ነው፤ ደህና ቀን ስለሚመስል ማንም አያስተውለውም። ሪጅኑን ወደ እንግሊዝ መቀየርም አላዳነም፤ ፌብሩዋሪ 30ኛ ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30ን አይቀበልም።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ኮለም ለይቼ ወደ አንድ ቁጥር ቀየርኳቸው፦ 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን። በዚህ መደርደሩም፣ የአገልግሎት ቀን መቁጠሩም በትክክል ይሠራል።

ያስቸገረኝ ቁጥሩን መልሶ ቀን ማድረጉ ነው። የውል ማብቂያ ለማግኘት ቀናት ደምሬ፣ 31 ቀንሼ ለ365.25 ሳካፍል መስከረም 1 ቀን 2013ን ጳጉሜ 6 ቀን 2012 ይለዋል፤ የ2012 ጳጉሜ ግን 5 ቀን ብቻ ነበረች። መስከረም 1 ቀን 2016 ላይ ደግሞ ልክ ነው። ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም) በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ተዘግቷል። ያለ ማክሮ፣ በአራቱም ዓመታት ዙር ሳይዛነፍ ቁጥሩን ወደ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚመልሰው ፎርሙላ የትኛው ነው?