«የተዋስናቸው ይቆዩ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

የሸዋ በር እናት፦
ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድቤዋን ከበሩ ሥር አስቀምጣ፣ ምሳዋንም ሳትነካ ተኛች። ለባህል ቀን የመውሊድ መንዙማ ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲለማመዱ የከረሙት 11 ልጆች ከዝግጅቱ እንዲወጡ ተወስኗል። ምክንያቱን ለመጠየቅ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር፤ አስተባባሪው የመለሱልኝን ቃል በቃል አሰፍረዋለሁ፦ «የሚቀርቡት ሥረ መሠረታቸው ከዚህ አፈር የሆኑ በዓላት ብቻ ናቸው፤ የተዋስናቸው ይቆዩ።» በዚሁ ሚዛን መውሊድና የገና ዛፍ በአንድ መስመር ተሰርዘዋል። እኔ ደሴ ተወልጄ፣ አያቴ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ወደሚባለው የወሎ ስፍራ በእግሯ ስትጓዝ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና «የተዋስናቸው» የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ። ከማን ነው የተዋስነው?

የሆጤ ነዋሪ፦
እህቴ፣ የልጅዎ ኀዘን ይሰማኛል፤ ውሳኔው ለልጆቹ በደህና ቃል ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ሆኖም በዚያ ስብሰባ ላይ ስለነበርሁ የውሳኔውን መነሻ ልናገር። አምና በዚያው መድረክ ላይ ሕፃናት ቀይ የወረቀት ቆብ ደፍተው በፕላስቲክ ዛፍ ዙሪያ ሲዘምሩ፣ ሆያ ሆዬን ከሁለት ስንኝ በላይ የሚያውቅ ልጅ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። ጅራፍ መግመድ የሚያውቅ ልጅማ ፈልገን አጥተናል። የገና ዛፍ በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመኖች ምድር የተለመደ፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በኩል ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተ ልማድ ነው። ይህን «ተውሶ» ብሎ መጥራት ነውሩ ምን ላይ ነው? ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስቀረት ግድ ይላል።

የኮምቦልቻ መምህር፦
ጌታዬ፣ ዛፉን ማስቀረት አንድ ነገር ነው፤ ዛፉን ለማስቀረት የተሠራው ሚዛን ግን ከዛፉ ጋር ስንቱን እንደሚጠርግ የታሰበበት አይመስለኝም። «ሥሩ ከዚህ አፈር የሆነ» የሚለውን በእውነት እንመዝንበት ካልን ከገና ልጀምር። ገና የሚለው ስም ራሱ ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ታኅሣሥ 29 በቀድሞው የሮማውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 የሚውልበት ዕለት ሲሆን፣ የሮም ክርስቲያኖች ልደትን በዚያ ቀን ማክበራቸው በ336 እ.ኤ.አ. ተመዝግቦ ይገኛል። ዛሬ በእኛና በምዕራባውያን መካከል የሚታየው ልዩነት የመጣው ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. አቆጣጠሩን ስላስተካከሉ ነው። ወደ ዘመን መለወጫ ስንሄድ ደግሞ፣ አሥራ ሁለት ወር እያንዳንዱን 30 ቀን አድርጎ ጳጉሜን ከመጨረሻው የሚጨምረው ስሌት የጥንት ግብፃውያን ነው፤ ግብፃውያን ኮፕቶች ዛሬም ዓመታቸውን የሚጀምሩት እኛ መስከረም 1 በምንልበት በዚያው ዕለት ነው። ለእነርሱ ዕለቱ ከዓባይ ሙላት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለእኛ ክረምቱ አልፎ ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ገራዶ ሜዳ አደይ አበባ የሚፈነዳበት ነው። መስቀልም ቢሆን መነሻው በ4ኛው መቶ ዘመን ንግሥት እሌኒ በኢየሩሳሌም መስቀሉን ማግኘቷ ነው። ታዲያ መስከረም 21 ግማደ መስቀሉ ወዳለበት ወደ ግሸን የሚወጣውን ምእመን «የተዋስኸውን በዓል ልታከብር ነው?» የሚለው ማን ነው?

የአራዳው፦
መምህር፣ ሌላውን ሁሉ በአክብሮት አነበብሁት፤ እንቁጣጣሽን ለግብፅ መስጠትዎን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ መኳንንቱ «እንቁ ለጣጣሽ» ብለው ዕንቁ እንዳበረከቱላት፣ ስሙም ከዚያ እንደወጣ አባቶቻችን ነግረውናል። ዓባይን ከእኛ የሚቀበሉ ሰዎች ዘመናችንን ሰጡን መባሉ ለጆሮ ይከብዳል።

የኮምቦልቻ መምህር፦
ወንድሜ፣ የተናገርሁት ስለ ቀን አቆጣጠሩ ነው፤ ስለ ስሙ አንድ ቃል አላነሣሁም። ደግሞም «ለግብፅ ሰጠሁ» አላልሁም። የአቆጣጠሩ ምንጭ ከዚያ መሆኑ አበባውንም፣ የልጃገረዶቹን ዘፈንም፣ እርስዎ የጠቀሱትንም ትውፊት አይነካም። ስለ ንግሥተ ሳባ ከተነሣ ግን፣ በዚያው ትውፊት ዕንቁው የተሰጣት ከሰሎሞን ዘንድ ስትመለስ መሆኑን አይርሱ። ታሪኩ ራሱ የጉዞ ታሪክ ነው።

የአራዳው፦
ሄዳ የተመለሰችው ወደ ገዛ አገሯ ነው፤ ንግግሬም ይኸው ነው።

የገራዶ ልጅ፦
እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእኔ ሐሳብ ከእርስዎ ይለያል። ሙስሊም ነኝ፤ ደሴ ነው ያደግሁት። መውሊድን በአደባባይ ማክበር በካይሮ ፋጢሚዮች የሚባሉት ገዢዎች በነበሩበት ዘመን የታየ፣ ኋላም በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዛሬዋ ኢራቅ የምትገኘው የኢርቢል ገዢ ሙዘፈረዲን በታላቅ ድግስ ያስፋፋው ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘዙት በዓል ዒደል ፊጥርና ዒደል አድሓ ብቻ ነው። ስለዚህ አስተባባሪው ስለ መውሊድ የተናገሩት ቃል፣ ዓላማቸው ምንም ይሁን ምን፣ ስሕተት ነው ለማለት ይቸግረኛል።

የሸዋ በር እናት፦
ልጄ፣ የዲኑን ጉዳይ ለዓሊሞች እተወዋለሁ፤ እነርሱም ቢሆኑ በዚህ ላይ ከተከራከሩ ስንት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። አንተ ካይሮንና ኢርቢልን ጠቀስህ፤ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። አያቴ በመውሊድ ዋዜማ ቡናውን ከቆላች በኋላ ጭሱን በእጇ እያዞረች ለሁሉም ታሸትተው ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ጎረቤታችን የነበሩት የቄስ ሚስት በጾም ቀን እንኳ ቢሆን መጥተው ይቀመጡ ነበር፤ ቡናውን ጠጥተው፣ ዱዓው ሲደረግ እንደ ሁላችን እጃቸውን ዘርግተው «አሜን» ይሉ ነበር። ድቤው ሲመታ ልጃገረዶቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ፤ መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ቤቱ ሙሉ ይቀበላል። ስንኙ አማርኛ ነው። የወሎ ሼሆች ይህን አማርኛ በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ በእጅ ጽሑፍ አቆይተውታል፤ እንዲህ ያለ መንዙማ ካይሮ ውስጥ አይገኝም። የጀማ ንጉሡ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ስማቸው ከመውሊድ ጋር ሲነሣ የኖረው በዚሁ በወሎ አፈር ላይ ነው። ሥር ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገረኝ።

ሌላም ነገር አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙና ከጎኑ የቆመው ክርስቲያን ወገኑ አዲስ አበባ ላይ በአንድነት ሰልፍ ከወጡባቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ነበር። በ1967 መውሊድ ከሁለቱ ዒዶች ጋር የሕዝብ በዓል ሆነ። አባቴ በዚያ ዓመት የሥራ ፈቃድ ሳይለምን መውሊድን በቤቱ ዋለ። እኔ «የተዋስናቸው ይቆዩ» ሲባል የምሰማው ከዚያ በፊት የነበረውን ድምፅ ነው።

የኮምቦልቻ መምህር፦
ለገራዶው ወንድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ አይሁዶች ሙሳ የዳነበትን ቀን ሲጾሙ አግኝተው «ለሙሳ ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን» በማለት ዓሹራን፣ ማለትም የሙሐረም ወርን ዐሥረኛ ቀን፣ እንደጾሙና እንዳስጾሙ በሐዲስ ተዘግቧል። ቀኑን ሌላ ሕዝብ ሲጾመው መገኘቱ የእኛ እንዳይሆን አላገደውም።

የገራዶ ልጅ፦
መምህር፣ ሐዲሱን በትክክል ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን ዓሹራን የእኛ ያደረገው የነቢዩ ትእዛዝ ነው። ከዚያም በላይ ከአይሁዶች እንዲለይ ዘጠነኛውንም ቀን ለመጾም አስበው ነበር። ምሳሌዎ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። የእናቴን ትዝታ ግን አከብራለሁ፤ መንዙማው በቅርስነት ይቅረብ ቢባል አልቃወምም።

የሸዋ በር እናት፦
«በቅርስነት» አትበለኝ፤ ቅርስ የሚባለው ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዕቃ ይመስለኛል። እኛ ገና አልሄድንም።

የቧንቧ ውሃ አያት፦
ልጆቼ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰውን የማታውቁ አትመስሉኝም። ያ ልማድ የተጀመረው በ1911 ዓ.ም. በኅዳር የዓለሙ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ ሕዝቡን በጨረሰ ጊዜ ነው። በሽታው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጭሱ ግን የእኛ ነው። በዚህ አስተባባሪ ሚዛን ኅዳር ሲታጠንም ሊቀር ነውን?

የሆጤ ነዋሪ፦
እማማ፣ ኅዳር ሲታጠን አይቀርም፤ መስቀልም አይቀርም። በአስተባባሪው ቃል ውስጥ ያለውን ጉድለት አሁን አይቻለሁ፤ «ሥር» የሚለው ቃል ባይገባበት ይሻል ነበር። መውሊዱ እንዲመለስም በመጪው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ግን ሁላችሁም የሸሻችሁት አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ከውጭ መምጣቱ ካላስቀረው የገና ዛፍም ይግባ ማለት ነው? እህቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

የሸዋ በር እናት፦
እኔ የክርስቲያን ወገኖቼን በዓል ልሰርዝ አልችልም፤ የሚመለከተው እነርሱን ነው። ከጠየቁኝ ግን ዛፉን ከሱቅ ገዝተን ስናቆመው ነው ያየሁት፤ አንድም ስንኝ በአማርኛ ሲወጣለት አልሰማሁም።

የአራዳው፦
በእኔ ቤት ዛፍ አይገባም፤ ገና ማለት የተጎዘጎዘ ቄጤማና ሩር የሚመታበት ሜዳ ነው።

የሆጤ ነዋሪ፦
እንግዲያው ሁላችሁም የምታስቀሩት አላችሁ። የልጅ ልጆቻችን ለዚያ ዛፍ በአማርኛ ስንኝ ያወጡለት እንደሆነ ምን ልትሏቸው ነው? መምህር፣ ታሪክ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎትና ስንት ዓመት እንደሚበቃ ይንገሩኝ፤ ማክሰኞ ስጠየቅ የምመልሰው ያስፈልገኛል።

የኮምቦልቻ መምህር፦
በዓመት የሚቆጠር አይመስለኝም። ማክሰኞ እኔም እመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን 11ዱ ልጆች ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ ይነገራቸው።

የሸዋ በር እናት፦
ልጄ ድቤዋን አንሥታ ፀሐይ ላይ አውላዋለች፤ ቆዳው በዝናቡ ላልቶ ነበር።