ማኅተም የሌለው የሥራ ልምድ

ዲዛይነሯ፦
የሐዋሳ ልጆች፣ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት በግራፊክስ ባለሙያነት አመለከትኩ። ማስታወቂያው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እኔ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀጣሪ ዘንድ አይደለም። የሠርግ ጥሪ፣ የቡና ማሸጊያ፣ የእንግዳ ማረፊያ አርማ፣ ሁሉም ቢሃንስ በተባለው የዲዛይን ሥራ ማሳያ ድረ ገጽ ላይ ባለው ፖርትፎሊዮዬ፣ ማለትም በሥራዎቼ ስብስብ፣ ተደርድሯል። መዝጋቢዋ ማመልከቻዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ማኅተሙ የታለ?» አለችኝ። ስልኬን ከፍቼ ላሳያት ስል ቀጣዩን ተመዝጋቢ ጠራች። በግሉ ለሚሠራ ሰው ፖርትፎሊዮው በሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈንታ ሊያዝለት ይገባል እላለሁ። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

የሰው ሀብት ባለሙያው፦
እኔ አልስማማም፣ እህቴ። መዝጋቢዋ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ከፋይሉ አውጥታ የምታሳየው ወረቀት ያስፈልጋታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ደብዳቤው የሚታመነው ፈርሞ የሚጠየቅ ሰው ስላለበት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት አመልካቾች ያንኑ አርማ «የእኔ ሥራ ነው» ብለው አቀረቡልኝ። ሁለቱም አንድ ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። አንዱ ነድፎት ሌላው ቀለሙን አስተካክሎት ሊሆን ይችላል፤ እኔ በምን ልለይ?

አናጺው፦
ልጆቼ፣ ለእኔ ደንበኛ የሚያመጣልኝ ሰው ቤት የሠራሁት ቁም ሣጥን ነው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ አይቶ ጎረቤት ይጠራኛል። ራስን በየዕለቱ ስልክ ላይ ማሳየት ግን ከሥራው ይልቅ ወሬውን ያበዛል ብዬ እፈራለሁ።

ዲዛይነሯ፦
ጋሼ፣ ያ ቁም ሣጥን እኮ የእርስዎ ፖርትፎሊዮ ነው! የእርስዎ ሥራ በጎረቤት ሳሎን ቆሟል፣ የእኔ ደግሞ ስልክ ላይ ተቀምጧል። እርስዎን ሰፈሩ ያውቅዎታል፤ የእኔ ደንበኞች ግን አንዱ ይርጋለም፣ ሌላው ሻሸመኔ፣ አንዷ ደግሞ ፊቷን አይቼው የማላውቅ የዲላ ቡና ነጋዴ ናት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲባል የሰማሁት ከእናንተ ከታላላቆቻችን ነው።

ፎቶ አንሺው፦
ወንድሜ የሰው ሀብት ባለሙያው፣ ሁለት ሰው አንድ አርማ ይዞ የመጣው ሁለቱም ያለቀለትን ሥራ ብቻ ስለደረደሩ ነው። የመጀመሪያውን የእርሳስ ንድፍ፣ ደንበኛው አልወደድኩትም ብሎ የመለሰውን፣ ከዚያም የታረመውን አብረው ቢያስቀምጡ ነዳፊው ወዲያው ይታወቅ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፉ ጓደኞቻችን ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሀብ በተባለ ድረ ገጽ ላይ የትኛው ለውጥ በማን ስም በየትኛው ቀን እንደገባ ያሳያሉ። ማኅተም ይህን አይነግርህም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትሄድ የተሰቀለውን ኮት ገልብጠህ ስፌቱን ታያለህ እንጂ ደብዳቤ አምጣ አትለውም።

ለዲዛይነሯ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ በክረምት ደግሞ እተረጉማለሁ። ሦስቱንም አንድ ገጽ ላይ ከምሬ በነበረ ጊዜ ማንም አልጠራኝም፤ ያየኝ ሁሉ የትኛው እንደሆንኩ አልገባውም። ለየሙያው ለየብቻ ገጽ ከፍቼ በእያንዳንዱ ስምንት ስምንት ሥራ ብቻ ሳስቀር ስልኬ መጮህ ጀመረ። ደግሞም በወረቀት አሳትሚው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ለአንድ ሆቴል የማሳየው ሥራ እያለኝ ባዶ እጄን ሄጃለሁ።

ነርሷ፦
የእኔ ሥራ የሚታየው በታካሚ ገላ ላይ ነው፤ ምን ላሳይ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ሠርግ የምታነሱም አስቡበት፤ ሙሽራዋ የከፈለችው ለአልበሟ ነው።

ፎቶ አንሺው፦
እውነት ነው። ከአንዲት ሙሽራ ወቀሳ ከደረሰብኝ ወዲህ በውሉ ላይ የፈቃድ መስመር ጨምሬ አስፈርማለሁ።

የስፌት ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁም የሚታይ ነገር ያላችሁ ናችሁ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፋሁ። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች፣ እኔ ኮሌታ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰፋሁት አንድም ሸሚዝ የለም፤ ስልክ ይዞ ማሽኑ አጠገብ መቀመጥም አይፈቀድልንም ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እኔም ወጣሁ። በእጄ ያለው ያ ደብዳቤ ብቻ ነው። የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንደ እኔ ያለ ስንት ሰው እንደገባበት አስቡ። ነገ ሁሉም ቀጣሪ ፖርትፎሊዮ አምጡ ካለ፣ ጥሩ ስልክ ያለው ቀድሞኝ ይቀጠራል። ኮሌታው ሳይጨማደድ እንዲዞር ጣቴ የሚያውቀውን ማን ያይልኛል?

የሰው ሀብት ባለሙያው፦
እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ለዲዛይን፣ ለፎቶና ለፕሮግራም ሥራ ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወይም ፖርትፎሊዮ ከሦስት ደንበኞች ስልክ ቁጥር ጋር» ቢል እቀበላለሁ፤ ደውዬ አጣራለሁ፣ ቀጥሎ በተግባር እፈትናለሁ። ለሁሉም ሥራ ግዴታ ይሁን ከተባለ ግን እስከ መጨረሻው እቃወማለሁ።

ዲዛይነሯ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግዴታ ይሁን አላልኩም። እህቴ፣ የሱፐርቫይዘርሽ ስልክ አለሽ? ካለሽ ምስክርሽ እሷ ናት። ቅዳሜ ወደ እኔ ነይ፤ ስትሰፊ እጅሽን ብቻ በቪዲዮ እቀርጽሻለሁ፣ ሰዓቱም አብሮ ይታያል።

የስፌት ሠራተኛዋ፦
ስልኳ አለኝ። እመጣለሁ። አንድ አሮጌ ሸሚዝ አዘጋጂልኝ፤ ኮሌታውን ፈትቼ መልሼ እሰፋዋለሁ።