የብረት ሳይክል ፍሬም ቢጫር ቦታውን ብቻ ልቀባ ወይስ ሙሉውን?

አረንጓዴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው የአባቴን የብረት ሳይክል ነው። ጥቁር አረንጓዴ የፋብሪካ ቀለም አላት፤ በጣም ስለምወደው እንዲለወጥ አልፈልግም። የላይኛው ቱቦ ከአጥር ጋር ተፋትጎ ጣት በሚያህል ርዝመት ተጭሯል፣ ካቴናው አጠገብም ተላልጧል። ጭረቱ ውስጥ ቡናማ ነገር ጀምሯል። ቦታውን ብቻ ማዳን ይቻላል ወይስ ቀለሙ በሙሉ መገፈፍ አለበት?

ሰኞ ነጂ፦
እህቴ፣ ቀላል ነው። ቀለሟን የሚመስል የጥፍር ቀለም ፈልጊና ቀቢው።

ቀለም ቀቢው፦
የጥፍር ቀለሙን አልቃወምም፤ ለትንሽ ጭረት ይሆናል። ቡናማው ሳይወጣ ከላይ ከተቀባ ግን ዝገቱ ከስር መሥራቱን አያቆምም። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፤ አዲሱን ቀለም ብቻ ሳይሆን ዳር ዳሩ ያለውን ጤነኛውንም ያስነሳዋል። ፍሬም መቀባት ሥራዬ ነው፤ እንዲህ የተሸፈነ ዝገት ሲመጣልኝ ከልቤ አዝናለሁ።

በሳሙና እጠቢያትና በደንብ ትድረቅ። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በትንሹ ቆርጠሽ፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ጭረቱን ብቻ ፈትጊ። ሞረድም ሆነ መፍጫ ማሽን አታስጠጊ፤ የጥሩ ፍሬም ቱቦ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የአሮጌው ቀለም ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እንዳይቆረቁር በ800 አለስልሺው። ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይረዳል፤ ጓንት አድርጊ። መጨረሻ ላይ በአልኮል ጥረጊው፣ ከዚያ በኋላ በጣትሽ አትንኪው፤ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ቲነር ግን አሮጌውን ቀለም ሊያሟሟብሽ ይችላል።

ባዶው ብረት ላይ ብቻ ስስ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም) ቀቢ፣ ሲደርቅ ቀለሙን በስቴኪኒ ጫፍ እየነካሽ ደራርቢ። አንዴ በወፍራሙ ከጣልሽው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ቀለም ስትመርጪ ቆርቆሮው ክዳን ላይ ያለውን አትመኚ። ቁራጭ ነገር ላይ ቀብተሽ ካደረቅሽ በኋላ በቀን ብርሃን ከፍሬሙ ጋር አስተያዪው፤ የአባትሽ አረንጓዴ ፀሐይ አደብዝዞት ይሆናል። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ትንሽ ከፍ ይበል፤ ቢያንስ ሳምንት ቆይተሽ በውሃ በራሰ 2000 ቁጥር አስተካክዪው።

ካቴናው አጠገብ ለውበት አትድከሚ፣ እንደገና ይመታዋል። ዝገቱን አጽድተሽ ቀቢና ወፍራም ግልጽ ፕላስተር ለጥፊበት። ሙሉውን መግፈፍ? በእኔ እምነት በፍጹም። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከወረደ አይመለስም።

መሀንዲስ ነኝ፦
አንድ ልጨምር። ኮርቻውን ከነዘንጉ አውጥተሽ ገልብጪያት፤ ውሃ ከወጣ ከውስጥም እየዛገች ሊሆን ይችላል። ስትደርቅ ቱቦው ውስጥ ዘይት ይረጭባት።

አረንጓዴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የኮርቻው ቱቦ ብየዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ብጠርገውም ቡናማው ይመለሳል። እሱንም እንደዚሁ ልቀባው?

ቀለም ቀቢው፦
አትቀቢው፣ ለጊዜውም አትንጂያት። ቀለሙ ብቻ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱም ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በጥንቃቄ ፍቂው። መስመሩ ባዶው ብረት ላይም ከታየ ስንጥቅ ነውና ስስ ቱቦ መበየድ የሚችል ሰው ይየው። ካልታየሽም በቀን ብርሃን ቀርበሽ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው፤ ሳናየው አንወስን።